የገመቹን መንጋጋ የሰበርኩት እኔ ነኝ

ይህን ለማንም ተናግሬ አላውቅም። ለሚስቴም፣ ለንስሐ አባቴም። ሰዎች ሌሎች መቱት ይላሉ። የገመቹን መንጋጋ የሰበርኩት እኔ ነኝ።

አሰላ በሚገኝ አንድ የቴሌቪዥን ጣቢያ ቅርንጫፍ ገምጋሚ ነበርኩ። ፕሮግራም ከመተላለፉ በፊት አይቼ የሚቆረጠውን እቆርጣለሁ፣ የሚያልፈው ላይ እፈርማለሁ። ገመቹ የኢተያ ልጅ ነው፤ ኮሜዲያን። አንድ ቀን፣ አንዱን የውኃ ቦኖ ሦስት ጊዜ ስለሚመርቅ ሹም የሠራውን አጭር ድራማ አመጣልኝ። ሹሙ ቧንቧውን ሲከፍት አየር ብቻ ይወጣል፤ እሱ ግን ያጨበጭባል። እንደ ደንባችን መቁረጥ ነበረብኝ። እኔ ግን እንባዬ እስኪወርድ ስቄ ፈረምኩ።

በተላለፈ ማግስት አንድ ባለሥልጣን "የሰደበኝ ማነው?" ብሎ ሦስት ሰዎች ወደ ጣቢያችን ላከ። ፈራሁ። የፈረምኩበትን ወረቀት ቀድጄ "ሳላየው ነው ያስገባው፤ አታሎኛል" አልኳቸው። ያለበትን ያሳየኋቸውም እኔ ነኝ። ከኢተያ ወጣ ብሎ፣ ስንዴ ማሳ ዳር ብቻውን እየቀረጸ ነበር።

በዱላ ወገቡን አሉት። ሲወድቅ ረገጡት፤ የጎድኑ አጥንት ሲሰበር ሰማሁ። ቀና ብሎ አየኝና፣

"ታደሰ፣ ንገራቸው እንጂ! አንተ አይደለህም እንዴ ያሳለፍከው? ስቀህ አልነበር?" አለ።

ሦስቱም ወደ እኔ ዞሩ።

የካሜራውን ማቆሚያ አነሣሁ። ብረት ነው። አፉ ላይ መታሁት። ዝም እንዲል መታሁት። ዝም ካለ በኋላም ደገምኩት። ለምን ደገምኩት? የመጡት ደብዳቢዎች እንኳ "ኧረ በቃ፣ ልትገድለው ነው!" ብለው ያዙኝ።

እነሱ ሲሄዱ አንሥቼ ሐኪም ቤት አደረስኩት። መንጋጋው ገጠመ፤ አንደበቱ ግን አልተመለሰም፤ ይኮላተፋል። ዛሬ ኢተያ የእህል መጋዘን ይጠብቃል። ማን አፉን እንደመታው ለእናቱ እንኳ አልተናገረም። አዝኖልኝ ይሆን? ንቆኝ?

ባለፈው ፋሲካ ሰሞን እናቱ አዴ ጫልቱ አሰላ ገበያ አገኙኝ። "ልጄን ያተረፍክልኝ፣ ዋቀዮ ይባርክህ" ብለው እጄን ሳሙ። የመታሁበትን እጅ። "አሜን" አልኩ።

ለልጆቼ እንጀራ ብዬ ነው ልበል? ማንም ምታው አላለኝም። እናንተ ይቅር ብትሉኝስ ምን ይሠራልኛል? የመታሁት እናንተን አይደለም። ስንት ቅዳሜ ኢተያ ሄጄ ለአዴ ጫልቱ እውነቱን ልነግራቸው ተነሥቼ ከመናኸሪያ ተመልሻለሁ። ይህን የምጽፈውም ስላልሄድኩ ነው።