ያገባ ይሻገር

ይህ የሆነው ከሁለት ዓመት በፊት ነው። ከዚያ ወዲህ ፒያሳ ላይ የሚያውቀኝ ሰው ሁሉ ሲያገኘኝ ከሰላምታው በፊት ይስቃል። እኔም ስቆ እስኪጨርስ ቆሜ መጠበቅ ለምጃለሁ። ነገሩ በየካፌው ተጨምሮበት ተጨማምሮበት ስለሚወራ፣ እውነተኛውን ራሴ ልንገራችሁ።

ብሩክ እባላለሁ። የኤሌክትሪክ ዕቃ መሸጫ ሱቅ ውስጥ ነው የምሠራው። ተወልጄ ያደግኩት አራዳ ነው። ሰፈራችን ሲፈርስ ጎረቤቱ በየአቅጣጫው ሄደ። አንዱ ኮንዶሚኒየም ደረሰው፣ ሌላው ከተማው ዳር ላይ ቤት ተከራየ። የእኛ ቤት ከተረፉት ጥቂት ቤቶች አንዱ ነው። እናቴ አስካለ ግን "ቤቱ ቀርቶ ሰዉ በተረፈልኝ" እያለች ነው የከረመችው።

ያንን የተበተነ ጎረቤት በወር አንዴ የሚሰበስበው ኳስ ብቻ ነበር። በየወሩ የመጀመሪያው ቅዳሜ ጠዋት፣ ከሥላሴ ዝቅ ብላ ባለች የአፈር ሜዳ ላይ ባለትዳርና ላጤ እንጋጠማለን። ባለትዳሮቹ ሚስቶቻቸውንና ልጆቻቸውን ይዘው ይመጣሉ። ከጨዋታው በኋላ አብረን ቁርስ እንበላለን፣ እንተራረባለን፣ የቀረ ሰው ካለ ለምን ቀረ ብለን እንጠይቃለን። ለግማሽ ቀን ሰፈሩ እንዳልፈረሰ ይሆናል።

ችግሩ ጨዋታው ጨዋታ አለመሆኑ ነበር። እኛ ላጤዎቹ እንሮጣለን፣ ባለትዳሮቹ ቦርጫቸውን ይዘው ያዩናል። ዘጠኝ ለዜሮ፣ አሥራ አንድ ለአንድ። ያቺን አንዷንም ያገቡት በረኛችን ስልክ ሲያወራ ነው።

ቀስ በቀስ ባለትዳሮቹ መቅረት ጀመሩ። አንዱ "ልጄ ታሞብኝ" ይላል፣ ሌላው "ሥራ አለኝ" ይላል። አንዱማ ያንኑ አጎቱን ሁለት ጊዜ ቀበረ። እነሱ ሲቀሩ ሚስቶቻቸውና ልጆቻቸውም ይቀራሉ። አንድ ቅዳሜ ስንሰበሰብ ለአንድ ቡድን እንኳ የሚበቃ ሰው አልነበረም። ያን ዕለት ኳሷን ይዘን ተቀመጥን። ይሄም ሊቀር ነው ማለት ነው ብዬ ሆዴ ባባ።

ዳኛችን ጋሽ ሳሙኤል ናቸው። ጡረታ የወጡ አስተማሪ፣ ጴንጤ፣ የተከበሩ ሰው። ሲዋሹ የሰማቸው ስለሌለ ነው ፊሽካውን የሰጠናቸው። የጨዋታውን መክሰም አይተው "ሕጉን እናሻሽል" አሉ።

መጀመሪያ የባለትዳሮቹ ጎል እንደ ሦስት እንዲቆጠር ተወሰነ። አንድ አገቡና ሜዳውን ሦስት ጊዜ ዞረው ጨፈሩ። ያም ሆኖ አሥር ለሦስት ተሸነፉ። በሚቀጥለው ወር ላጤ በግራ እግሩ ብቻ ያግባ ተባለ። ከመካከላችን አንድ ግራኝ ነበር፤ ብቻውን ሰባት አገባ። በሌላው ወር ደግሞ አምስት ጎል በስጦታ ተሰጥቷቸው ጨዋታው ተጀመረ። ባለትዳሮቹ በሙሉ ጎላቸው ፊት እንደ አጥር ተደርድረው ቆሙ። ተመልካቹ እያዛጋ ወደ ቤቱ ሄደ።

መፍትሔው የመጣው ከፍቅሬ ነው። ፍቅሬ የባለትዳሮቹ ተከላካይ ነው፤ ሲሮጥ ያየው የለም፣ አፉ ግን አያርፍም።

"እናንተ ደግሞ ምን ታስቸግራላችሁ?" አለ። "ያገባ ሰው ከማን ወገን ነው? ከባለትዳር ወገን አይደል? እንግዲያው ላጤዎቹ በሦስት ጎል ከመሩ በኋላ ጎል ያገባ ላጤ አግብቷል ማለት ነው። ማልያውን አውልቆ ወደ እኛ ይሻገር!"

ሜዳው በሳቅ ፈረሰ። ጋሽ ሳሙኤል ግን አልሳቁም። አገጫቸውን ይዘው ትንሽ አሰቡና "ይሠራል" አሉ። "የመራ ቡድን ጎል ባገባ ቁጥር አንድ ሰው ያጣል። ይሄ ነው ትክክለኛው ሕግ።"

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልንገራችሁ። እኔና የጋሽ ሳሙኤል ልጅ ሜሮን ሦስት ዓመት ሙሉ በድብቅ እንዋደድ ነበር። የእኔ ቤተሰብ ኦርቶዶክስ ነው፣ የእሷ ጴንጤ። በጉርብትና ይከባበራሉ፣ በሐዘንም በደስታም አይለያዩም፤ ጋብቻ ሲሆን ግን ሌላ ጣጣ ነው። ሁለታችንም ለወላጆቻችን ለመናገር ፈርተን፣ ማኪያቶ ለመጠጣት እንኳ ፒያሳን የሚያህል ቦታ ትተን ቦሌ ድረስ እንሄድ ነበር። ማንም አያውቅም ብለን ነው።

አዲሱ ሕግ የሚጀመርበት ቅዳሜ ደረሰ። ወሬውን የሰማ ሁሉ መጣ። አጎቱን ሁለቴ የቀበረውም መጣ። ሜሮን ከሴቶቹ ጋር ዳር ላይ ካለችው አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጣለች።

ሦስት ለዜሮ እስክንመራ ድረስ ነገሩ የተለመደው ነበር። ከዚያ በኋላ ግን እግራችን ተሳሰረ። ሁለት ላጤዎች በረኛውን አልፈው ባዶ ጎል ፊት ደረሱ፤ ኳሷን እንደ ጉርሻ ተገባበዟት።

"አንተ አግባ።"

"ኧረ አንተ ታላቄ አይደለህ? መጀመሪያ አንተ አግባ!"

የአንደኛው እናት ከዳር ሆነው "አግባ እንጂ፣ እስከ መቼ ነው!" ብለው ጮኹ። ሴቶቹ በሳቅ አንዷ በሌላዋ ላይ ወደቁ። ልጁ አፍሮ መታት፣ ገባች። እልልታው ቀለጠ። ማልያውን ቀይሮ ተሻገረና ወዲያው በእኛ ላይ አገባ። አራት ለአንድ። እንዲህ ዓይነት ጨዋታ አይተን አናውቅም ነበር። ባለትዳሮቹ መሮጥ ጀመሩ!

እኔ ደግሞ በጋሽ ሳሙኤል ፊት "ብሩክ አገባ" ተብሎ እንዳይጮህብኝ ከኳሷ ስሸሽ ነበር። የኮርና ምት ስናገኝ እንኳ ሰው ግር እንዳይለው ብዬ ጎሉ አጠገብ ቆምኩ እንጂ ጀርባዬን ነበር የሰጠኋት። ዓይኔ ሜሮን ላይ ነበር። እሷም አይታኝ ፈገግ አለች። ያኔ ኳሷ ማጅራቴን መታችኝና ነጥራ ገባች።

"ብሩክ አገባ!"

ሜዳው ተናወጠ። ሴቶቹ የሰርግ ዘፈን አወጡ። ባለትዳሮቹ ተራ በተራ ጉንጬን እየሳሙ "እንኳን ወደ እኛ መጣህ" አሉኝ። ላጤዎቹ "ሳያየው በማጅራቱ የገባ አይቆጠርም!" ብለው ተከራከሩልኝ።

"ሳያይ ያገባ ብዙ ሰው አለ" አሉ ጋሽ ሳሙኤል ኮስተር ብለው። "ይሻገር።"

ፍቅሬ በዚህ መካከል ደክሞት ከሜዳ ወጥቶ ነበር። የሠራውን በኋላ ነው የሰማነው። ስልኩን አውጥቶ እናቴ ጋ ደወለ።

"እትዬ አስካለ፣ እንኳን ደስ አለዎት! ብሩክ አገባ!" አላትና ስልኩን ዘጋ። መልሳ መላልሳ ብትደውል አላነሳም። ሊቀልድባት ብቻ ነው የፈለገው፤ ቤታችን ከሜዳው በእግር ቅርብ መሆኑን ረስቶታል።

እኔ ለባለትዳሮቹ መጫወቱን እየተላመድኩ ነበር። አምስት ለሦስት ደርሰናል። ድንገት ከሜዳው በር በኩል እናቴ ብቅ አለች። ፊቷ በእንባ ርሷል። የለበሰችው ግን ለጥምቀት የምታወጣውን ጥልፍ ቀሚስ ነው። ብትናደድም ለልጇ ሰርግ በቤት ልብስ መምጣት አልሆነላትም።

ቀጥ ብላ ወደ ሜዳው መሃል ገባች። ኳሷ በአጠገቧ አለፈች፣ ዞር ብላም አላየቻት። ጋሽ ሳሙኤል ፊሽካ ነፉ።

"እማዬ! ምን ሆነሽ ነው?"

"እኔ ምን እሆናለሁ? አንተ ነህ እንጂ የሆንከው! እናት የለህም? አንድ ልጄ በኳስ ሜዳ ያግባ?"

ያን ጊዜ ገባኝ። "እማዬ፣ ስሚኝ፣ አላገባሁም!"

ከኋላዬ አዲሱ ቡድኔ በአንድ ድምፅ "አግብቷል!" አለ።

"በማጅራቱ ነው ያገባው!" ብሎ አንዱ ጨመረበት።

"በማጅራቱ?" አለች እናቴ ግራ ተጋብታ። ከዚያ ወደ እኔ መለስ አለች። "ልጅቷን እንደሆነ አልጠላኋትም። ጨዋ ልጅ ናት። ሦስት ዓመት ሙሉ ቦሌ ስትመላለሱ የማላውቅ መስሎህ ነው? ግን ስትጋቡ ለእኔ አይነገረኝም?" ቀጥላ ወደ ዳኛው ዞረች። "ጋሽ ሳሙኤል፣ እርስዎስ ቢሆኑ? ልጅዎን ለልጄ ሲድሩ እኔን ጎረቤትዎን ይደብቁኛል?"

ሜሮን የያዘችውን የውሃ ጠርሙስ ከፈተች፣ ዘጋች፣ እንደገና ከፈተች። እኔ መሬቱ ላይ የምገባበት ቀዳዳ ፈለግኩ። የጋሽ ሳሙኤል ፊሽካ አፋቸው ውስጥ ነበር፤ ሲተነፍሱ ቀጭን ድምፅ አወጣ። ቀስ ብለው አወጡት።

"እትዬ አስካለ" አሉ በትሕትና፣ "ልጅዎ ያገባው ጎል ነው። ሌላውን እኔም ገና አሁን ከእርስዎ መስማቴ ነው።"

እናቴ አፏን በነጠላዋ ያዘች። ፍቅሬ ወደ በሩ ሮጠ። ሲሮጥ ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው።

ጋሽ ሳሙኤል ከኪሳቸው ቢጫ ካርድ አወጡና ፊቴ ላይ አነሡ።

"ምን አጠፋሁ፣ ጋሽ ሳሙኤል?"

"ገና እያጣራሁ ነው።"

ከዚያ እናቴን "እዚያ ወንበሩ ላይ ይረፉ፤ ጨዋታው ይቀጥላል" አሏት። ወንበሩ ላይ የነበረችው ክፍት ቦታ ከሜሮን ጎን ነበረች። እንዴት እንደተጫወትኩ አላውቅም። ዓይኔ ወንበሩ ላይ ነበር። እናቴ ለረጅም ጊዜ ስታወራ፣ ሜሮን አንገቷን ደፍታ ስትሰማ አየሁ። ፀሐዩ ሲበረታ እናቴ የነጠላዋን ጫፍ ዘርግታ ሜሮን ራስ ላይ ጣል አደረገች። ያን ሳይ ኳሷ በእግሮቼ መካከል አለፈች።

ጨዋታው እንዳለቀ ጋሽ ሳሙኤል "ና፣ ሸኘኝ" አሉኝ። ወደ ምኒልክ አደባባይ በኩል ሄድን። አደባባዩን ስናልፍ ጠየቁኝ።

"ሦስት ዓመት ነው ያሉት እናትህ?"

"አዎ፣ ጋሽ ሳሙኤል።"

"እኔ ደግሞ ንጹሕ ጎል ኦፍሳይድ ብዬ ስሽርብህ፣ ይሄ ልጅ ለምን አይከራከረኝም እያልኩ ይገርመኝ ነበር። ትሕትና መስሎኝ በጸሎቴ ስለ አንተ ጌታን አመስግኛለሁ።"

ልሳቅ ወይስ ይቅርታ ልጠይቅ አላወቅኩም። እሳቸውም አልሳቁም። በራቸው ላይ ስንደርስ ቆም ብለው አዩኝ።

"ነገ ከአምልኮ በኋላ እቤት ና። ብቻህን ግን አትምጣ፣ እናትህን ይዘህ ና። ከሁለታችሁ መናገር የሚችሉት እሳቸው ናቸው።"

ከዚያ በኋላ የሆነው ሁሉ ቀልድ አልነበረም። የሃይማኖቱ ጉዳይ ወራት ፈጀ። ሽማግሌ ተላከ፣ ተመለሰ፣ እንደገና ተላከ። በሁለቱም ቤት እንባ ነበር። የእናቴ ንስሐ አባትም፣ የጋሽ ሳሙኤል ፓስተርም መከሩን። በመጨረሻ እንዴት እንደተስማማን የቤታችን ጉዳይ ስለሆነ እዚህ አልጽፈውም። ባለፈው ዓመት ግን ተጋባን። ፍቅሬ ሰርጋችን ላይ ማይክ እንዳይሰጠው አስቀድመን ተነጋግረን ነበር፤ ሆኖም ከአንዱ ነጥቆ ያዘው።

ሕጉ እስካሁን አልተቀየረም። ሜዳው ይሞላል። ከከተማው ዳር ታክሲ ቀያይረው የሚመጡ አሉ። እናቶች ልጆቻቸውን እየጎተቱ ያመጣሉ፣ ምን ተስፋ አድርገው እንደሆነ እናንተ ገምቱ።

ሰዎች "አላፈርክም ወይ?" ይሉኛል። በዕለቱ አፍሬአለሁ፣ በጣም። አሁን ግን ሜሮን ለእንግዳ ስታወራው ከጎኗ ተቀምጬ የረሳችውን አስታውሳታለሁ። ያን ሁሉ ወር ጎሉ ስንት ይቆጠር፣ በየትኛው እግር ይግባ እያልን ስንጨቃጨቅ ነበር። የዚያን ቀን ጨዋታ ግን ስንት ለስንት እንዳለቀ እኔም፣ ዳኛውም፣ ሜዳው ላይ የነበረው ሰውም አናስታውስም።