ሁለት አንቲቫይረስ በአንድ ኮምፒውተር

ቤታችን ባለው ኮምፒውተር ላይ ሁለት ነጻ አንቲቫይረስ ጭኜ ነበር። ሥራውን ያስተማረኝ የለም፤ እያነበብኩና እየሞከርኩ ነው የለመድኩት። አንዱ ያመለጠውን ሌላው ይይዘዋል ብዬ አሰብኩ። ሁለቱ ግን አንዱን ፋይል እየተሻሙ ሲመረምሩ ኮምፒውተሩ ተንቀራፈፈ። አንድ ሰነድ ለመክፈት አራት ደቂቃ ይፈጅ ነበር፤ በሰዓት ለክቼዋለሁ። በጋምቤላ ሙቀት አሳብቤ ቬንቲሌተሩን ወደ ኮምፒውተሩ አዞርኩት።

ታላቅ እህቴ ነርስ ናት። ያን ሰሞን የመመረቂያ ጥናቷን ትጽፍ ነበር። አቦቦ ወረዳ እየተመላለሰች፣ ቤት ለቤት እየዞረች ስለ አጎበር አጠቃቀም የጠየቀቻቸው ቤተሰቦች መልስ ሁሉ አንድ ፍላሽ ላይ ነበር። መልሱን የሞላችበትን ወረቀት መንገድ ላይ ዝናብ አበስብሶት ስለነበር ሌላ ቅጂ አልነበራትም።

የኮምፒውተሩ መንቀራፈፍ ሲያስመርራት፣ ሳትነግረኝ ሁለቱንም አንቲቫይረስ አጠፋቻቸው። ፈጠነላት። ከዚያ ጥቂት ገጾች ለማሳተም ፍላሹን ይዛ ገበያ አጠገብ ወዳለው ጽሑፍ ቤት ሄደች፤ የሰፈሩ ፍላሽ ሁሉ የሚሰካበት ቦታ ነው። ቅዳሜ ጠዋት ተመልሳ ቤት ስትሰካው የጥናቷ ፎልደር የለም። በምትኩ ትንሽ ቀስት ያለበት ምስል ተቀምጧል። ደጋግማ ብትጫነውም ምንም አልተከፈተም። ሥራዋን ለአማካሪዋ የምታስረክበው ሰኞ ነበር።

ጽሑፍ ቤቱ ጋ ስትደውል፣ እኛ ከተማ ለፍላሽ ችግር ሁሉ የሚታዘዘውን መድኃኒት አዘዙላት፤ ፎርማት። ክፍሉ ውስጥ ስገባ ልትጫነው ነበር።

«እትዬ፣ ፎርማት ማለት መደምሰስ ነው» አልኳት።

እጇን ከማውዙ ላይ አነሳች። ፍላሹ ላይ የተያዘውን ቦታ አየሁ። አልቀነሰም፤ ስለዚህ ፋይሎቹ ተደብቀው ነው እንጂ አልጠፉም። ይህን ካስረዳኋት በኋላ፣ የኮምፒውተሩ ቀርፋፋነት የእኔ ጥፋት እንደሆነም ነገርኳት።

እሷም ሁለቱንም ማጥፋቷን ነገረችኝና፣ «ሁለት ዘበኛ ቀጥረህ፣ እነሱ ሲናቆሩ ሌባው በበር ገባ በለኛ» አለች።

አንዱን አንቲቫይረስ አራግፌ ሌላውን መልሼ አበራሁት። ስልኬን ኔትወርክ የተሻለ ወደሚይዝበት መስኮት ወስጄ፣ በስልኩ ኢንተርኔት የቀረውን አሳደስኩና ኮምፒውተሩንም ፍላሹንም እንዲፈትሽ አዘዝኩት። መብራት እንዳይሄድ እየፈራን እስከ ምሳ ሰዓት ጠበቅን። ቫይረሱን ከሁለቱም ላይ አገኘውና አጠፋው። የተደበቁ ፋይሎች እንዲታዩ ሳደርግ ፎልደሩ ደብዘዝ ብሎ ብቅ አለ።

እህቴ ከፈተችው። ከመጀመሪያው ቤተሰብ እስከ መጨረሻው ድረስ መስመሩን በጣቷ እየተከተለች ወረደች።

«አልጎደለም» አለች።

ቅጂውን ኮምፒውተሩ ላይ እስካስቀምጥ ብቻ ታገሰችኝ።

«በል ተነሣልኝ፣ ምዕራፍ አራት ይቀረኛል።»

ወንበሩን ለቀቅኩላት። ከሰዓቱን ሙሉ ስትተይብ፣ እኔ ጓዳ ሆኜ የኪቦርዱን ድምፅ እየሰማሁ ምሳዬን ቀስ ብዬ በላሁ።