ፕሮግራሜ የተከበረበት ሳምንት

ዮርዳኖስ፣ አማን ከተማ፣ ጀበል አል-ወይብደህ በሚባል ሰፈር ከጓደኛዬ ጋር በተከራየናት አንድ ክፍል ግድግዳ ላይ የሳምንት ፕሮግራሜን የሰቀልኩት፣ በስልኬ የማየው አንድ የጊዜ አጠቃቀም አስተማሪ መክሮኝ ነው። ሰውዬው ጥርሱ ነጭ፣ ጠረጴዛው ባዶ ነው። ሕይወት በሦስት ትከፈላለች ይላል፦ ለፈጠራ፣ ለትምህርትና ለመዝናኛ። ሦስቱን ያመጣጠነ ሰው ይሳካለታል። የሰው ቤት መወልወል ከሦስቱ በየትኛው ሥር እንደሚገባ ግን አልነገረንም። ምናልባት የእሱን ቤት የሚወለውለው ሰው እሱ ሳይነሣ ሠርቶ ስለሚሄድ ልብ አላለው ይሆናል። እኔ በገዛ ሥልጣኔ አራተኛ ክፍል ጨመርኩና «ሹግል» ብዬ ጻፍኩበት፤ አማን ያለን ሐበሾች ሥራን የምንጠራው በዚህ የዓረብኛ ቃል ነው። ከወረቀቱ ሰፊውን ቦታ የያዘውም እሱ ሆነ። የቀሩት ሦስቱ እንደ ደባል ጥግ ጥጋቸውን ያዙ።

ፈጠራ ያልኩት ልብስ መንደፍን ነው። ኻልዳ በሚባል የሀብታም ሰፈር ሰው ቤት ተቀጥሬ በማድርባቸው ዓመታት፣ የአሠሪዬ የማዳም እንግዶች የሚለብሱትን ባለ ጥልፍ ቀሚስ ሻይ እያቀረብኩ አጠናው ነበር። አንገቱን ቀይሬ፣ እጅጌውን አሳጥሬ በልቤ ስሰፋው አንዳንዴ ሻዩ ይፈስ ነበር። ትምህርት ያልኩት ደግሞ ሰፈራችን ያለ አንድ የበጎ አድራጎት ማዕከል የሚሰጠውን የልብስ ቅድና ስፌት ኮርስ ነው። መጨረሻው ላይ ፈተና አለው፦ በራስ ንድፍ አንድ ቀሚስ ቀድዶና ሰፍቶ አስተማሪዋ ፊት ማቅረብ። ያለፈችውን ተማሪ እዚያው መንገድ ላይ ያለች አንዲት ባለ ስፌት ቤት ልትወስዳት ቃል ገብታለች። የወደቀችው ወደ መወልወያዋ ትመለሳለች። መወልወያዬን አልንቀውም፣ አብልቶኛል፤ ግን ከእሱ ጋር ማርጀት አልፈለግኩም። መዝናኛው ዓርብ ከቤተ ክርስቲያን መልስ አደባባዩ ላይ ያለችው መናፈሻ ተቀምጦ ሱፍ መፈልፈል ነበር። ከአባቴ ጋር በስልክ ማውራትም እዚሁ ሥር ገባ፤ ሌላ ቦታ አልተረፈማ።

ይህን ፕሮግራም ያከበረ ሰው አልነበረም። እንደኔው በሰዓት ቤት የምታጸዳው ጓደኛዬ መጀመሪያ ያየችው ቀን እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ አነበበችና፣ ሁለት እግር አለኝ ተብሎ ሁለት ዛፍ አይወጣም፣ አንቺ ይኸው አራቱን ልትወጪ ነው አለችኝ። ከዚያ ወዲህ የንድፍ ሰዓቴ ሲደርስ ጠብቃ ቴሌቪዥኗን ትከፍታለች፤ ድራማው ውስጥ ያለች ሚስት ስትከዳ እኔ እርሳሴን ይዤ አብሬ እከዳለሁ። ሁላችን እትዬ የምንላቸው የቤተ ክርስቲያናችን ትልቅ ሴት ደግሞ የጥናት ምሽቴን መርጠው ይመጡና የአንዷን የመኖሪያ ፈቃድ ጣጣ ከሥሩ ጀምረው ያወሩልኛል። ሴትዮዋንም ሰፈሯንም አላውቅ፣ ግን እስከ መጨረሻው እሰማለሁ።

የኻልዳዋ ማዳምማ ልዩ ናት። ከቤቷ ወጥቼ ለብቻዬ መኖር ከጀመርኩም በኋላ በሰዓት እሠራላት ነበር። ፕሮግራም እንዳወጣሁ ስነግራት «ማሻአላህ» ብላ አደነቀችኝ፤ በማግስቱ ደወለች። ዘመድ አዝማድ ጠርታ መንሰፍ ልታበላ ነው፦ በግ፣ ሩዝ፣ እርጎ፣ ከዚያ የሰሃን ተራራ። ትምህርት አለኝ ብላት፣ ያላ ሐቢብቲ፣ ነይ የኔ ውድ፣ ትምህርት ቡክራ ይደርሳል አለችኝ። ቡክራ ነገ ማለት ነው። በዚህ ከተማ ትምህርት ሁልጊዜ ነገ ነው፤ መንሰፍ ግን ሁልጊዜ ዛሬ ነው።

ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም እንዲሉ፣ እኔም ወረቀቴም ሙጭጭ አልን። በመጨረሻ የፈተናው ሳምንት ደረሰና ሐሙስ ልቀርብ ተቀጠርኩ።

ከዚህ በኋላ የሆነውን ሁሉ ያኔ እኔ ባየሁበት ዓይን ብቻ ብነግራችሁ ማታለል ይሆንብኛል፤ እውነቱን ላስቀድም። ሰኞ ዕለት አገር ቤት አባቴ ዐረፈ። ወንድሜ የደወለው ለጓደኛዬ ነው፤ መርዶ እንደ ገንዘብ በስልክ አይላክም። ጓደኛዬ ለእትዬ ነገረች፣ እትዬ ለሌሎቹ፣ ሁሉም ሆነው መከሩና ከፈተናው በፊት እንዳልረዳ ተወሰነ። ማዳም ድንገት ለመንሰፍ እንዳትጠራኝ ተብሎ ለእሷም ተነገራት። እንግዲህ ከእኔ በቀር ሰው ሁሉ ያውቅ ነበር።

ማክሰኞ ኻልዳ ስደርስ ማዳም በሩን ራሷ ከፈተችልኝ። እጄን ይዛ ወስዳ የእንግዳ ሶፋ ላይ አስቀመጠችኝ። ዓመታት ሙሉ እየጠረግኩት የማላውቀውን ምቾቱን ያን ቀን አወቅኩ። ተምርና ስኳር የሌለው ቡና በትንሿ ፍንጃል አቀረበችልኝ። የዚህ አገር ሰው ይህን መራራ ቡና ለደስታም ለሐዘንም ያቀርበዋል፤ እኔ ለደስታው ወሰድኩት። «አላህ ይዒኒክ» አለችኝ ዓይኗ ውሃ ሞልቶ፣ እግዜር ይርዳሽ ማለቷ ነው። ለስፌት ፈተና ይህን ያህል የምትንሰፈሰፍ አሠሪ ኖራኝ ሳላውቅ ቀርቼ እኮ ነው ብዬ ተጸጸትኩ። ዛሬ ሥራ የለም፣ ሂጂና ተዘጋጂ ብላ ታክሲ አስጠራችልኝ። በመንገድ ላይ ለራሴ፣ አየሽ፣ ሰው ድንበሩን ካሳወቀ ይከበራል አልኩት።

ቤት ስገባ ቴሌቪዥኑ ተዘግቷል። ጓደኛዬ ሽንኩርት ትከትፋለች፣ ዓይኗ ፍም መስሏል፤ ሽንኩርት የያዘን ሰው ለምን አለቀስሽ ብሎ የሚጠይቅ የለም። ከፈተናው በፊት አባቴ ጋ ልደውልና ይመርቀኝ ስላት ቢላዋውን ጥላ ብድግ አለች። ፕሮግራምሽ የአባት ስልክ ዓርብ ነው ይላል፣ አንቺ ለራስሽ ሕግ ካልታመንሽ ማን ይታመንልሻል አለችኝ። እንዲህ ያለ የበሰለ ንግግር ከአፏ ወጥቶ አያውቅም። ስልኬንም እስከ ፈተናው እኔ ጋ ይቆይ አለች። የስልኬ አስተማሪም ስልክ የጊዜ ሌባ ነው ስለሚል፣ ደቀ መዝሙር አፈራሁ ብዬ ደስ ብሎኝ ሰጠኋት።

ረቡዕ ማታ እትዬና ሁለት የቤተ ክርስቲያን ማኅበራችን ሴቶች መጡ። ስለ ማንም የመኖሪያ ፈቃድ አላወሩም። ፍራሹ ላይ ተደርድረው ዝም ብለው ያዩኛል። እንዲህ ያለ ጸጥተኛ ታዳሚ ደግሞ የት ይገኛል፣ ተነሥቼ ግድግዳው ጋ ቆምኩና አስተማርኳቸው። ይህ የፈጠራ ነው፣ ይህ የትምህርት ነው እያልኩ በእርሳስ አሳየኋቸው። እኛ ሐበሾች ጊዜያችንን የሚበላብን ወሬና ለቅሶ ነው አልኩ። እትዬን ነጥዬ፣ እርስዎ በማያውቁት ሰው ሁሉ ለቅሶ ላይ የሚቀመጡበትን ሰዓት ቢሰበስቡት እስካሁን አንድ ቋንቋ ይማሩበት ነበር አልኳቸው። እትዬ ወለሉን እያዩ፣ እውነትሽን ነው ልጄ አሉኝ። እንዲህ በቀላሉ የረታኋቸው ቀን አልነበረም፤ ድል እንዳደረገ ሰው ሞቅ ብሎኝ ተቀመጥኩ።

ሐሙስ ፈተናው ላይ ቀረብኩ። ቀሚሴ ነጭ የአገር ቤት ሸማ ነው፤ አንገቱና ደረቱ የማዳም እንግዶች ቀሚስ አቆራረጥ፣ ጥልፉ ግን ከራሴ ጭንቅላት። አስተማሪዋ ገልብጣ ስፌቱን በጥፍሯ ፈተሸች፣ ብብቱን ሳበችው፣ ራቅ አድርጋ አየችው። ከዚያ «ነጃሕቲ» አለችኝ፣ አልፈሻል። ባለ ስፌት ቤቷም ጥግ ቆማ ታይ ስለነበር እሑድ እንድጀምር ነገረችኝ። የሰፈራችንን ደረጃ እንደ ልጅ እየዘለልኩ ወጣሁና በሩ ላይ ሆኜ አለፍኩ አልኩ። ጓደኛዬ እልል ብላ ጀመረች፣ መሀል ላይ ድምጿ ተቆረጠ። አቅፋኝ ትከሻዬ ላይ ተንሰቀሰቀች። ይቺ ልጅ ለካ እንዲህ ትወደኛለች ብዬ፣ አጽናናኋት።

ዓርብ ማለዳ በሩ ተንኳኳ። ፕሮግራሙ ዓርብ ማለዳ እንቅልፍ ይላል፤ እንኳን ደስ ያለሽ ሊሉኝ መጥተው ነው፣ ደስታም ሰዓት አለው ልላቸው ብርድ ልብሴን ገልጬ ተነሣሁ። መጀመሪያ የገቡት እትዬ ናቸው፣ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው። ከኋላቸው የማኅበሩ ሴቶች፣ ሁሉም ጥቁር ለብሰዋል። ከሁሉም ኋላ፣ የወይብደህን ደረጃ ረግጣ የማታውቀው ማዳም የቡና ፔርሙስ ታቅፋ ትንፋሽ አጥሯት ቆማለች። አባትሽ ዐርፈዋል አሉኝ እትዬ። ከዚያ የሆነውን በደንብ አላስታውስም። ጮኼ ነበር፣ ደረቴን መትቼ ነበር፣ እጄን የያዘችኝ ማዳም ነበረች። አባቴን በጣም እወደው ነበር።

ፀሐይ ወጥታ ሰዎቹ ሲረጋጉ፣ ጓደኛዬን አጠገቤ አስቀምጬ መቼ ነው አልኳት። ሰኞ አለችኝ። ሰኞ፣ ማክሰኞ፣ ረቡዕ ብዬ ቆጠርኩና ረቡዕ ላይ ስደርስ ግድግዳው ጋ ቆሜ ስለ ለቅሶ ያወራሁት ታወሰኝ። ፊቴን በነጠላ ሸፈንኩ። ልናደድባት ፈለግኩ፣ መናደድ ከማልቀስ ይቀለኛል።

«ያን ሁሉ ስቀባጥር ታውቁ ነበር?»

«እናውቅ ነበር» አለችኝ።

«እና ለምን ዝም በይ አላላችሁኝም?»

ጓደኛዬ አፍንጫዋን በነጠላዋ ጫፍ ጠረገችና፣ ይህም ጥያቄ ሆኖ ገርሟት አየችኝ።

«ደስ ብሎሽ ነበራ» አለች። «እዚህ አገር ከመጣሽ እንደዚያ ደስ ብሎሽ አይተንሽ አናውቅም። እትዬ ራሳቸው ያን ማታ ሲወጡ ደረጃው ላይ እያለቀሱ፣ ትንሽ ታውራ፣ ትንሽ ይቆይላት አሉን።»