ቃሬዛ እምቢ ያሉት ጀብሪልና ልጃቸው ሀዲያ

በቅድሚያ ይቅርታ አድርጉልኝ። እኔ ፊደል የቆጠርኩት በመሠረተ ትምህርት ነው፤ እሱንም ግማሹን ይዤ ግማሹን መንገድ ላይ ጥዬ። ብዕር ስይዝ እጄ የሰው ዕቃ የያዘ ይመስለዋል። መጻፍ የሚያውቅ ሞልቶ ሳለ እኔ መድፈሬ ነውር መሆኑም አልጠፋኝ። ግን የሚጽፉት አላዩም፣ ያየነው ደግሞ አንጽፍም። የሳትኩትን እያረማችሁ አንብቡልኝ።

ሀዲያ ጀብሪል የተወለደችው ከመካነ ሰላም ወደ ወግዲ ሲኬድ፣ ገደል ስር በተለጠፈች አንዲት ጎጥ ነው። ገና ልጅ ሳለች ጅዳ ሄዳ፣ አንዲት ሽባ አሮጊት ስታነሳ ስታስተኛ ዓመታት ቆየች። አሮጊቷ ሲያማት በጥፍሯ ትቧጭራታለች፤ የአሮጊቷ ልጅ ደግሞ አንድ ቀን ሸሚዜን አሳረርሽ ብሎ በካውያው ክንዷን ጠበሳት። ከሳውዲ ሰው በገፍ ሲባረር እሷም ተጠርዛ ባዶ እጇን መጣች። ሰፈርተኛው «ይዛ የመጣችው ትከሻዋን ነው» ይል ነበር፤ እንደ ወንድ ሰፍቶ።

አባቷ ጀብሪል ሚስታቸው ከሞቱ ወዲህ ብቻቸውን ነበሩ። ጉልበታቸው ከድቷቸዋል፣ ክንዳቸው ግን አልከዳም። ምርኩዛቸው የወይራ ነው። ውሻንም ሰውንም የሚያናግሩት በሱ ነው።

እሷ በተመለሰች ዓመት ከገደሉ ድንጋይ እየለቀቀ በግ መፍጨት ጀመረ። ቀበሌው ክረምቱን ፈርቶ የአደጋ ጊዜ ኮሚቴ አቋቋመ፤ ጋሹ የሚባል የዚያው ጎጥ ሰው ሰብሳቢ ሆነ። ጎበዙ ሁሉ ዐረብ አገር ነው፤ ሸክም የሚችል የቀረው በጣት የሚቆጠር። ስለዚህ ጋሹ እንዲህ ብሎ ደነገገ፦ ናዳ ከመጣ መሄድ የሚችል በእግሩ ይውጣ፣ ሽማግሌና አሮጊት በቃሬዛ ይውጣ። አንድ ቃሬዛ፣ አራት ሰው፣ ከላይ ጀምሮ ቤት ለቤት። መጀመሪያ ጀብሪል፣ ቀጥሎ ጎረቤታቸው እማማ ይርገዱ። ሐሳቡ መጥፎ አልነበረም። ሽማግሎቹን የጠየቀ ግን የለም።

የልምምዱ ዕለት ጋሹ ቃሬዛውን ጀብሪል ደጅ ዘረጋና «አያ ጀብሪል፣ በሉ ጋደም ይበሉ» አላቸው።

«የት?»

«እዚሁ ላይ።»

«ማን ሞተ?»

«ማንም አልሞተ። ልምምድ ነው።»

«እንግዲያ አንተ ተጋደም፤ እኔ እየተለማመድኩ ላልቅስልህ።»

ሰው ሳቀ። ጀብሪል ግን አልሳቁም። በኛ አገር በሽተኛም ወደ ጤና ጣቢያ የሚሄድ፣ ጀናዛም ወደ መቃብር የሚወጣ በዚሁ በቃሬዛ ነው። እሳቸው ሚስታቸውንም ሁለት ወንድ ልጆቻቸውንም በሱ ሸኝተዋል። ጎረምሶቹ ብብታቸውን ይዘው ሊያነሷቸው ሲሉ ወይራው ወረደ። የአንዱ ቅንድብ ተተረከከ፣ የጋሹ የፊት ጥርስ ወለቀ። ጋሹ ደሙን እየተፋ «ናዳው ራሱ ያናግርዎት» ብሎ ሄደ።

ሀዲያ ደሙን ከደጃፍ እያጠበች «አባየ፣ የመጣ እንደሆንስ?» አለቻቸው።

«ከመጣ ቤቴ ያገኘኛል። በቁሜ እንደ ሬሳ ተጋድሜ፣ ሰማይ ሰማይ እያየሁ አልወጣም።»

«እንዳሻዎት» አለች፤ ተናዳለች።

ነሐሴ ላይ አንድ ቀን ከቀትር ወዲያ፣ ከዐሱር ሶላት በኋላ ሰማዩ ጠቆረና በረዶውን አወረደው። ባቄላውን ከስሩ አረደው፣ ዶሮውን ደጅ ለደጅ ቀጠቀጠው። በረዶው ሲያባራ ሰው እፎይ አለ፤ ያኔ ገደሉ ጮኸ። የመጀመሪያው ናዳ የአንድ ጎረቤት በረት ላይ ወረደ። አንዱ በሬ ወገቡ ተሰብሮ በፊት እግሩ ጭቃውን እየቧጠጠ ያጓራ ነበር። ማን ይረደው? ሁሉም ልጁን እያንጠለጠለ ወደ ላይ፣ ከገደሉ ጎን ወዳለው ጉብታ፣ ወደ ትምህርት ቤቱ ይሮጣል።

ጋሹና ጓደኞቹ እንደተደነገገው ቃሬዛቸውን ይዘው ጀብሪል ደጅ ደረሱ። በሩ ከውስጥ ተቀርቅሯል።

«አያ ጀብሪል፣ በአላህ ይክፈቱ።»

«እናንተም በአላህ ተዉኝ።»

አንዱ መቀርቀሪያውን ሊያነሳ እጁን በስንጥቁ ሲያስገባ ጀብሪል ጣቱን በወይራ ሰበሩት። ልጁ ጮኾ ወደቀ። ጋሹ በሩን በእግሩ ይደበድባል፣ ይለምናል፣ ይሳደባል፣ ደግሞ ይለምናል። ትቶ ለመሄድ ሕሊናው አልቆርጥ አለው። ደቂቃው ግን ይሄዳል።

ሀዲያ ወፍጮ ቤት ነበረች። የሚሸሸውን ሰው እየገፋች ቁልቁል ወረደች።

«ምን ትገተራላችሁ?» አለች። «ወደ እማማ ይርገዱ ሂዱ። ይኸን ሽማግሌ ለኔ ተዉት።»

ሄዱ። ግን አልደረሱም። የማሳውን ድንበር ሳይሻገሩ ገደሉ ሁለተኛ ለቀቀ፤ ድንጋይና ጭቃ ተደባልቆ በፊታቸው አለፈ፤ የእማማ ይርገዱ ቤት ከነጭሱ ጠፋ። ጋሹ ጭቃው ላይ ቁጭ አለ። ሁለቱ ጓደኞቹ ጎትተው አነሱት።

ሀዲያ ምሳሩን ከጣራው ስር መዝዛ በሩን ፈለጠችው። ስትገባ አባቷ ግንባሯን በወይራው አሏት። ደሙ ዓይኗን ሸፈነው። ወይራውን በዳሰሳ አገኘችና ጠምዝዛ ነጠቀቻቸው፤ ከዚያ ይኸን መጻፍ ይከብደኛል፣ ግን ሆኗል፣ አባቷን በጥፊ መታቻቸው። ጀብሪል ደርቀው ቀሩ። ሰባ ዓመት ሌላውን ሲመቱ የኖሩ ሰው ነበሩ። እሳቸው ሳይነቁ ልጅቱ ጀርባዋን ሰጥታ ቁጢጥ አለች፣ እጆቻቸውን በትከሻዋ ስባ በመቀነቷ ጠፍራ አሰረቻቸውና ብድግ አለች። ያኔ ነቁ። ትከሻዋን ነከሷት። ነክሰዋት እንደተንጠለጠሉ ወጣች፤ በደም በጭቃ እየተንሸራተተች፣ አንዴ በጉልበቷ፣ አንዴ በክርኗ። ከበስተኋላቸው የገዛ ቤታቸው ግድግዳ ሲሰበር ጀብሪል ጥርሳቸውን ለቀቁ።

ትምህርት ቤቱ ጋ ስታወርዳቸው አፋቸውን ጠረጉ። ደሙ የሷ ነበር።

«ይርገዱስ?» አሉ።

«አልደረሱላቸውም።»

«ለምን?»

«አንቱን ሲታገሉ ነበረ አባየ።»

ጀብሪል ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዞሩ።

በማግስቱ ጧት ወንዶቹ በዶማና በአካፋ ሲቆፍሩ እማማ ይርገዱ ተገኙ። ጫማቸውን አድርገው፣ ነጠላቸውን አጣፍተው፣ ከበራፋቸው አጠገብ። ተዘጋጅተው ሲጠብቁ ነበር። ጋሹ አይቶ አካፋውን ጣለ።

ሀዲያ ግንባሯን በጨርቅ ጠምጥማ ሬሳው ታጥቦ እስኪገነዝ ቆመች። ከዚያ ወደ ትምህርት ቤቱ ክፍል ገባች። የጎጡ ሽማግሎችና አሮጊቶች ሁሉ ዴስክ ላይ ተደርድረዋል። ከደጅ ገደሉ አሁንም እየተሰነጠቀ ነው፤ ገና ዝናብ አለ።

መጀመሪያ ዓይነ ስውር ከሆኑት ከኸዲጃ ፊት ቁጢጥ አለች።

«እማየ፣ ናዳው ደግሞ ቢመጣ በምን መውጣት ይፈልጋሉ?»

ኸዲጃ ፈገግ አሉ። «ዛሬ ጠያቂ ተገኘ? እኔ እግር አለኝ ልጄ። ብቻ ድንገት አትያዙኝ፤ ድንገት ሲይዙኝ ነው የምማታው። ስማችሁን ተናገሩና ክንዳችሁን ስጡኝ።»

«እሺ» አለችና ወደ አባቷ ዞረች። «አባየስ?»

ጀብሪል ከግድግዳው ሳይዞሩ «እኔን መጨረሻ አድርጉኝ» አሉ። «ሰው ሁሉ ከወጣ በኋላ።»

«ስንተኛ ይሁኑ አላልኩም። በምን ይወጣሉ ነው ያልኩ።»

 እሷም ቁጢጥ እንዳለች ጠበቀች። ደጅ የቀብሩ ሰው መሰብሰብ ጀምሯል። አልተነሳችም።

«በጀርባሽ» አሉ ጀብሪል።

ሀዲያ ተነሳችና አጠገባቸው ወደተቀመጡት ሽማግሌ አለፈች።