ዓይኑ የታመመው የአልፕስ ዋልያ

ተሻገር ወደ ስዊዘርላንድ ከመምጣቱ በፊት በሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ አሥራ አንድ ዓመት ስካውት ነበር። ጠመንጃ አንግቶ ከቱሪስት ፊት ይሄዳል፤ ቱሪስት በሌለ ጊዜ ዋልያ ይቆጥራል። ስንት ወለዱ፣ ስንት ሞቱ፣ የትኛው ገደል ላይ ታዩ ብሎ ደባርቅ ላለው ጽሕፈት ቤት ሪፖርት ያደርጋል። ጦርነቱ ደባርቅ አጠገብ ሲደርስ ወጣ። እንዴት እንደወጣ ሲጠየቅ «ረጅም ነው» ብሎ ያልፈዋል።

አሁን ዙሪክ አጠገብ ረገንስዶርፍ በምትባል ከተማ አምስተኛ ፎቅ ላይ አንዲት ክፍል ተከራይቶ ይኖራል። ቪንተርቱር በሚገኝ ሆስፒታል የልብስ ማጠቢያ ክፍል ውስጥ አንሶላ ያጥፋል። ሥራውን አይጠላውም። የሚያንገበግበው ሌላ ነው። የጀርመንኛ ኮርሱን የጨረሰ ሰሞን አንዲት የሥራ አማካሪ ዘንድ ቀርቦ፣ የቀድሞ ሥራው ምን እንደነበር ተጠየቀ።

«ተራራ ላይ አራዊት እጠብቅ ነበር» አለ በሚችላት ጀርመንኛ።

ሴትየዋ አሰብ አድርጋ ኮምፒውተሯ ላይ ጻፈች። ወረቀቱ ታትሞ ሲሰጠው «የጥበቃ ሠራተኛ» ይላል፤ ሱፐርማርኬት በር ላይ የሚቆመው ዓይነት። ስህተት ነው ብሎ ሊያስረዳት ሞከረ።

«የምስክር ወረቀት አለዎት?» አለችው።

የምስክር ወረቀቱ ከቤቱ ጋር ተቃጥሏል።

«እንግዲያው ለጊዜው በዚሁ እንተወው» አለች፣ በትሕትና።

እህቱ ሕብስት የምትኖረው ጄኔቫ፣ ሊኞን የሚባል ሰፈር ነው። በሁለት ዓመት ታንሰዋለች፤ ወደዚህ አገር ግን ብዙ ዓመት ቀድማው ነው የመጣችው። አረጋውያን መጦሪያ ወጥ ቤት ውስጥ ትሠራለች። «ይሄን ሁሉ ዓመት እዚህ ኖሬ የተራራውን በረዶ ያየሁት ፖስት ካርድ ላይ ብቻ ነው» ትላለች። እሱ ደግሞ ማየት የሚፈልገው ሽታይንቦክን ነበር፤ የአልፕስ ተራሮች ዋልያ ማለት ነው። የእሷ እረፍት ከእሱ እረፍት አልገጥም እያለ ሦስት ጊዜ ቀጠሮ አፈረሱ። በመስከረም መጨረሻ በስንት ልምምጥ ሁለት ሁለት ቀን አገኙ። ዙሪክ ባቡር ጣቢያ ተገናኝተው ኤንጋዲን ወደሚባለው የተራራ ሸለቆ ሄዱ።

የመጀመሪያው ቀን የሕብስት ነበር። ሞርቴራች ከሚባል ጣቢያ ወርደው ወደ ግግር በረዶው የሚወስደውን መንገድ ያዙ። በመንገዱ ዳር በየርቀቱ ዓመተ ምሕረት የተጻፈባቸው ምልክቶች ተተክለዋል። በዚያ ዓመት በረዶው እስከዚህ ይደርስ ነበር ለማለት ነው። ሕብስት የተወለደችበትን ዓመት ወደ ፈረንጅ አቆጣጠር ለውጣ የዚያን ዓመት ምልክት ፈልጋ አገኘችና ቀና ብላ አየች። በረዶ የሚባል ነገር የለም፤ ድንጋይ ብቻ ነው።

«ደግሞ ገና ነው?»

«ገና ነው።»

ከአንድ ሰዓት በላይ ሄደው መንገዱ አለቀ። ከፊታቸው የድንጋይ ናዳ አለ፤ ከናዳው ወዲያ አፈር የለበሰ ግራጫ ነገር ተጋድሟል።

«ይሄ ነው?» አለች።

«ይሄ ነው።»

«አመድ እኮ ነው የሚመስለው፣ ተሼ።»

ተሻገር አፈረ። ልክ እንደ ድሮው፣ ጭጋግ ወርዶ ምንም ሳያይ የተመለሰ ቱሪስት ቅሬታ ሲያቀርብለት እንደሚያፍረው። «ቀደም ብለን ብንመጣ ጥሩ ነበር» አለ።

«ስንት ዓመት ቀደም ብለን?» አለችና ጉልበቷን ይዛ ድንጋይ ላይ ተቀመጠች።

በማግሥቱ ወደ ብሔራዊ ፓርኩ ገቡ። መግቢያው ላይ ያለውን ሰሌዳ ተሻገር ቃል በቃል እያነበበ ሕብስትን አስቆማት። ከመንገድ መውጣት፣ አበባ መቁረጥ፣ እንጨት መልቀም ክልክል ነው። ሽታይንቦክ ከዚህ አገር ታድኖ አልቆ እንደነበር፣ ከውጭ አምጥተው እንደገና እንዳራቡት ሰሌዳው ይናገራል። አጥንት ከሰማይ እየጣለ የሚሰብረውን ትልቁን ጥንብ አንሳም እንደዚሁ መልሰውታል። «ጎበዞች ናቸው» አለ ተሻገር።

ሸለቆው ውስጥ ወደ ሠላሳ የሚሆኑ ጎብኚዎች ባይኖኩላርና ካሜራ ደግነው፣ ወዲያ ማዶ የሚያገሱትን አጋዘኖች ይመለከታሉ። ተሻገር ጀርባውን ሰጥቷቸው በተቃራኒው ያለውን ዐለት ሲቃኝ ቆየ። አየው። አንድ ትልቅ ወንድ ሽታይንቦክ ነው፤ የግራ ቀንዱ ጫፍ ተሰብሯል። ብቻውን መሆኑ ተሻገርን ደስ አላለውም። አንድ እርምጃ ለመራመድ የፊት እግሩን ከልክ በላይ ያነሳና አየር ላይ ያንጠለጥለዋል። ከዚያ በአንድ ወገን ይዞራል፣ ተመልሶ እዚያው ይቆማል።

«ምን ሆኗል?» አለች ሕብስት።

«አያይም። ዓይኑን ታሟል።»

ሽታይንቦኩ እየዞረ ወደ ገደሉ አፋፍ ቀረበ። ተሻገር ሁለት ጣቱን አፉ ውስጥ ከቶ አፏጨ፤ አጭር፣ እንደገና አጭር። እንስሳው ቀጥ ብሎ ጆሮውን ወደ ድምፁ አዞረ። እንደገና ሲያፏጭለት ሁለት እርምጃ ወደ ኋላ አፈገፈገ። ከጎብኚዎቹ አንዱ ሰውዬ ጣቱን ከንፈሩ ላይ አድርጎ ተቆጣው። በፉጨቱ ደንግጠው ሁለት አጋዘኖች ጫካ ገብተውባቸዋል።

ወዲያው የፓርኩ ጠባቂ መጣች። ኡርሲና ይላል ደረቷ ላይ ያለው ስም። «እባክዎ እዚህ አይፏጭም» አለችው።

«እዚያ አንድ ሽታይንቦክ ዓይኑ አያይም። ይወድቃል» አለ ተሻገር።

በባይኖኩላሯ አየችው። «አውቃለሁ። ሦስት ቀን ሆኖታል።»

«ሐኪም መቼ ይመጣል?»

«አይመጣም። እዚህ ምንም አንነካም፤ ደንቡ ነው። አንዳንዶቹ በራሳቸው ይድናሉ።»

«ያልዳነውስ?»

«ጥንብ አንሳው ይበላዋል። እሱም መኖር አለበት።»

ተሻገርን ቃሉ በጀርመንኛ አልመጣ አለው። በመጨረሻ እየተንተባተበ እንዲህ አለ፦ «ሽታይንቦክ አለቀ። ከውጭ አመጣችሁ። ጥንብ አንሳም አመጣችሁ። ያኔ ነክታችኋል። ዛሬ አንነካም ትላላችሁ።»

ሴትየዋ ባይኖኩላሯን አወረደች። «ጥሩ ጥያቄ ነው» አለች። «መልሴ ግን ያው ነው። ይቅርታ ያድርጉልኝ።» ይህን ብላ ወደ ሌሎቹ ሄደች።

ተሻገር አልሄደም። ሽታይንቦኩ ከአፋፉ ርቆ እስኪተኛ እጠብቃለሁ ብሎ መንገዱ ዳር ተቀመጠ። ሕብስት ሰዓቷን ስታይ፣ እሱ ዐለቱን ሲያይ፣ ወደ ጄኔቫ የሚያደርሳት ባቡር አመለጣት። ጣቢያው ላይ ቆማ ለአለቃዋ ስልክ ደወለች፣ በፈረንሳይኛ ደጋግማ «ዴዞሌ፣ ዴዞሌ» እያለች ይቅርታ ጠየቀች። የጠዋት ፈረቃዋን ሌላ ሰው ያዘላት፤ አለቃዋ ግን ደስ እንዳላለው ከድምፁ ያስታውቅ ነበር።

ባቡር ውስጥ «በአንድ ፍየል ምክንያት» አለች።

«ፍየል አይደለም።»

«ተሼ፣ እዚህ ማንም አልቀጠረህም። ስካውትነትህ እዚያው ቀርቷል።»

ተሻገር በመስኮቱ ውጭ ውጭውን እያየ ብዙ ጣቢያ አለፈ። ላንድኳርት የሚባል ጣቢያ ላይ ባቡር ሲቀይሩ ቦርሳዋን ተቀበላት።

«በእውነት አያይም ነበር?» አለች ያን ጊዜ።

«በድምፄ ነበር የሚመራው።»

ከዚያ ወዲያ አልተጨቃጨቁም፤ ግን አልተሳሳቁም።

ከሁለት ሳምንት በኋላ ተሻገር የሥራ ባልደረባው ፈሃድ ጀርመንኛውን አስተካክሎለት ስለ ሽታይንቦኩ ለፓርኩ ኢሜይል ላከ። ፈሃድ የኮምቦልቻ ልጅ ነው፤ አብሮት አንሶላ እያጠፈ ማታ ማታ ትምህርት ይማራል። መልሱ በሦስተኛው ቀን መጣ። ስለ ጥቆማዎ እናመሰግናለን፣ የጠቀሱት እንስሳ ከዚያ ወዲህ አልታየም ይላል።

«አልታየም ማለት ሞተ ነው ወይስ ዳነ?» አለ ተሻገር።

«ሁለቱም ሊሆን ይችላል» አለ ፈሃድ። «መለሱልህ እኮ። ተወው በቃ።»

አልተወውም። በእረፍቱ ቀን ቁጭ ብሎ፣ ማንንም ሳያስቸግር፣ በራሱ ጀርመንኛ ሌላ ደብዳቤ ጻፈ። ያየበትን ሰዓት፣ የተሰበረውን የግራ ቀንድ፣ ከመንገዱ ያለውን ርቀት፣ ንፋሱ ከየት ይነፍስ እንደነበር፣ ስንት ጊዜ እንደዞረና ወደ የትኛው ወገን እንደዞረ አንድ በአንድ አሰፈረ። ለደባርቅ ጽሕፈት ቤት ሪፖርት ሲያደርግ እንደዚያው ነበር የሚጽፈው። ከታች ስሙን ጻፈና «ሙያ» ብሎ ሁለት ነጥብ አደረገ፤ ከዚያ ቀጥሎ የሚገባውን፣ «የዱር አራዊት ጠባቂ» ማለት የሆነውን የጀርመንኛ ቃል መዝገበ ቃላት ውስጥ ፈልጎ አገኘው፣ አመሳክሮ ጻፈው።

ደብዳቤውን ከላከ አምስት ወር አልፎታል። መልስ አልመጣም።