ወንድ ልጅ አለሽ ያለኝ ነቢይ

የጸሎት ጓደኛዬ ምሥራቅ ክፍለ ከተማ ውስጥ ጠባብ ኢንተርኔት ቤት ነበራት። እኔ ሐይቅ ዳር ካሉት ሆቴሎች በአንዱ እንግዳ ተቀባይ ነበርኩ። የተዋወቅነው መዘምራን ውስጥ ነው፤ ሁለታችንም አልቶ፣ ማለትም ዝቅ ያለውን የሴቶች ድምፅ ስለምንዘምር ጎን ለጎን እንቆማለን።

ጠዋት ሥራ ከመግባቴ በፊት እሷ ጋ ጎራ እላለሁ። በሩን ገርበብ አድርገን፣ ደንበኛ ሳይመጣ መዝሙረ ዳዊትን እናነባለን። የምንከተለው የንባብ ዕቅድ እሷ ከኢንተርኔት ያወረደችው ነበር፤ አትማ ግድግዳው ላይ ለጥፋዋለች። አንዱን ቁጥር እሷ ታነባለች፣ ቀጣዩን እኔ። ከዚያ መጽሐፉን ዘግተን በቃላችን እንሞክረዋለን። ስሳሳት አታርመኝም፤ እስካስታውሰው በትዕግሥት ትጠብቀኛለች። ጸሎት ከልጅነቴ ጀምሮ የማውቀው ይመስለኝ ነበር። ብዙ ሳያወሩ በእግዚአብሔር ፊት መቀመጥን ግን የተማርኩት ከእሷ ነው።

ያን ጊዜ ሰው ሰውን አያምንም ነበር። ቀበሌው ሁሉን አንድ ለአምስት አደራጅቷል፤ ጎረቤት ፊት ስለ ስኳር መጥፋት ሲወራ እንኳ ድምፅ ዝቅ ይላል። እዚያች ቤት የተነገረ ነገር ግን እዚያው ይቀራል ብዬ አምን ነበር።

አንድ ቀን ስለ ተሰወረ ኃጢአት የሚያነሳ መዝሙር ላይ ደርሰን ማንበብ አቃተኝ። አለቀስኩና ነገርኳት። ተማሪ ሳለሁ ሴት ልጅ ወልጄ ነበር። እናቴ ከከተማው ወጣ ብላ ባለችው ቱላ እንደ ራሷ ልጅ ታሳድጋታለች፤ ልጅቷ የምታውቀኝ በእህትነት ነው። እጮኛዬም አያውቅም። ይህን ሁሉ ስነግራት አንድ ነገር ብቻ ቀየርኩ። «ወንድ ነው» አልኳት። አስቤበት አልነበረም፤ ከአፌ ሲወጣ ነው የሰማሁት። ምናልባት ልጄን ከማንኛውም ወሬ ለማራቅ ፈልጌ ይሆናል።

እጄን ይዛ፣ «ይህ ነገር ከእኔና ከአንቺ፣ ከጌታም ውጭ አይሄድም» አለችኝ።

በዚያው ሰሞን ወጣቶቻችን በየስልካቸው ነቢያትን እያዩ፣ የትንቢት ቃል የሚነገርበት ጉባኤ ፍለጋ ወደ ሌላ ቦታ መሄድ ጀመሩ። ሽማግሌዎቹ መጀመሪያ ተቃወሙ፤ በኋላ ግን ወንበሩ ባዶ ሲሆን አንድ ነቢይ ከሌላ ከተማ ጋበዙ። የቤተ ክርስቲያኑን የኢንተርኔት ገጽ የምትይዘው ጓደኛዬ ስለነበረች፣ እንግዳውን የመቀበልና ጉባኤውን የመቅረጽ ኃላፊነት ለእሷ ተሰጣት።

እሑድ ዘምረን እንደጨረስን ነቢዩ ወደ እኛ ዞረና በጣቱ አመለከተኝ።

«አንቺ እህቴ፣ ወደዚህ ነይ። ቱላ የሚባል ቦታ እያየሁ ነው። ወንድ ልጅ አለሽ። እናትሽን እማዬ ይላል፤ አንቺን ግን እህቴ ይልሻል።»

ሕዝቡ እልልታውን አቀለጠው። እጮኛዬ ከፊት ካሉት ወንበሮች በአንዱ ላይ ነበር። እግዚአብሔር በእውነት ያየኝ መሰለኝ። ወዲያው ግን «ወንድ» የሚለው ቃል ጆሮዬ ላይ ቀረ። በማኅፀኔ የሠራት ጌታ ሴት መሆኗን አይስትም። ቀና ብዬ ጓደኛዬን ፈለግሁ። መድረኩ ሥር ቆማ እየቀረጸችኝ ነበር።

«አሜን በይ!» አለ ነቢዩ።

አሜን አልኩ። ምን ልበል? ተሳስተሃል ብል እውነቱን ራሴ ልናገር ነው።

በማግስቱ ወደ ኢንተርኔት ቤቷ ሄድኩ። ቪዲዮውን ገጹ ላይ ለቃዋለች።

«ነገርሽው» አልኳት።

«የምንጸልይላቸው ሸክሞች ካሉ ንገሪኝ ስላለኝ ነው። ይጸልይልሻል ብዬ እንጂ በአደባባይ ይናገረዋል ብዬ አይደለም።»

«ሲናገረው እየቀረጽሽ አልነበረም እንዴ?»

«ጌታም አሳይቶት ይሆናል እኮ» አለች።

«ወንድ ልጅ የለኝም። ሴት ናት።»

ይቅርታ ትለኛለች ብዬ ጠበቅሁ። እሷ ግን፣ «ዋሽተሽኝ ነበር?» አለችኝ።

ቪዲዮውን እንድታጠፋው ለመንኳት። «ስንት ሰው እየተባረከበት ነው፣ ከውጭ አገር ሳይቀር እየጻፉልን» አለች። ከዚያ ወዲያ እግሬ እዚያ ቤት አልረገጠም።

እጮኛዬ የዚያን ቀን ሥራ ቦታዬ ድረስ መጣ። እውነቱን ነገርኩት። «ከአንቺ ብሰማው ሌላ ነበር» አለና ሄደ፤ ከጥቂት ጊዜ በኋላ ሽማግሌ ልኮ እጮኝነቱን አፈረሰ። ቱላ ወርጄ ለእናቴ ስነግራት ደግሞ ተረጋግታ ሰማችኝ። «ነቢዩ ወንድ ነው ካላቸው የእኛን ልጅ ማን ይጠረጥራል? ዝም በያቸው» አለችኝ።

ልጄ ግን ከሌላ ሰው እንድትሰማው አልፈለግሁም። ትንሽ ከፍ ስትል፣ ከእናቴ ጋር ተማክሬ ራሴ ነገርኳት። ከዚያ ቀን ጀምሮ እህቴ ማለቷን ተወች፤ እማዬም አላለችኝ። በስሜ ነው የምትጠራኝ፣ እስከ ዛሬ።

ነቢዩ ወደ ከተማችን ተመልሶ አልመጣም። ቪዲዮው ግን ለፈለገው አሁንም ይገኛል። እኔ ከመዘምራኑ ወጥቼ ወደማልታወቅበት ሌላ ጉባኤ ሄድኩ፤ ከኋላ እቀመጥና ሲዘመር ዝም ብዬ አዳምጣለሁ። ጓደኛዬ በየበዓሉ በስልኬ ጥቅስ ትልክልኛለች። አነበዋለሁ፤ መልስ ግን አልሰጥም። ቃሉ ይቅር በይ እንደሚለኝ አላጣሁትም፤ እስካሁን ግን አልቻልኩም።

ብዙ ጊዜ መጽሐፍ ቅዱስ መግለጥ አልሆነልኝም ነበር። መዝሙረ ዳዊትን ስከፍት አንዱ ቁጥር በእሷ ድምፅ ይመጣብኛል። በኋላ ሆቴሉ ጭር ሲል ኦሪት ዘኍልቍን ማንበብ ጀመርኩ፤ ከእሷ ጋር ጨርሶ ያልነካነው መጽሐፍ ስለሆነ ነው። የነገድ ቆጠራ ነው፣ ማን ከማን ቀጥሎ እንደሚሰፍር ነው። ሌላ ሰው ይሰለቸው ይሆናል። እኔ እያንዳንዱን መስመር ቀስ ብዬ፣ ለራሴ ብቻ በሚሰማ ድምፅ አነበዋለሁ።