ለእናቴ ያሳየሁት ጣሪያ

ነገሩ የጀመረው አንድ ቅዳሜ ጠዋት አራት ሰዓት ላይ፣ ደሴ ፒያሳ ባለ ኢንተርኔት ቤት ውስጥ ነው። እናቴ በማለዳ አውቶቡስ ከኮምቦልቻ ልትጠይቀኝ መጥታ ነበር። ወንድሜ ጅዳ ከሄደ ሁለት ዓመት አልፎታል፤ ስልኩ ከተዘጋ ደግሞ ሰባት ወር። እናቴ በጠየቀችኝ ቁጥር «ኔትወርክ ነው» እላት ነበር።

«ድምፁን ካጣሁ ከተማውን እንኳ አሳዪኝ» አለችኝ። «አንቺ በዚያ ነገር አገሩን ሁሉ ታዪ የለ?»

እውነቷን ነው። ከዩኒቨርሲቲ ወጥቼ ደሴ ሥራ ከያዝኩ ጀምሮ ቅዳሜ ቅዳሜ ከሰማይ የተነሡ የከተማ ፎቶዎች ላይ እዞራለሁ። ሰው ፊት መናገር ለሚጨንቀኝ ለእኔ ምቹ ጉዞ ነበር፤ ካይሮ ገብቼ እስክወጣ «የማን ልጅ ነሽ?» የሚለኝ የለም። መንገዱ አለ፣ ዛፉ አለ፣ መኪናው እንደ ምስር ፍሬ ተደርድሯል። ሰው ግን አይታይም።

ጅዳ ቁራጭ በቁራጭ፣ እየተንቀራፈፈች መጣች። እናቴ የነጠላዋን ጫፍ አፏ ላይ ይዛ ወደ ስክሪኑ ተጠጋች።

«ሣር የሚባል የላቸውም» አለች። ትንሽ ቆይታ ደግሞ «የሱ ቤት የትኛው ነው?»

አላውቅም ማለት ነበረብኝ። ግን እሱን ካልኩ የደበቅኳት ሁሉ ተከትሎ ይመጣል፤ አጠገባችን የተቀመጡትም ይሰማሉ። ማውሱን አንድ ነጭ ጣሪያ ላይ አቆምኩት።

«ይሄ ነው።»

ጣሪያው ላይ የውሃ ታንከር ነበር። ኮምቦልቻ ያኔ ውሃ በፈረቃ ነው የሚመጣው። እናቴ ታንከሩን በጣቷ ነካችው። «ተመስገን፣ ውሃ አይቸግረውም» አለች።

ዘጠኝ ሰዓት ላይ እሑድን ከእሷ ጋር ላሳልፍ አብረን ወደ ኮምቦልቻ ተሳፈርን። የሐረጎን ቁልቁለት ስንወርድ ጆሮዬ ተደፈነ፤ እናቴ የምትለውን ግን እሰማለሁ። አጠገቧ ለተቀመጠች ጥቁር አባያ ለለበሰች ወጣት ስለ ቤቱ ታወራላታለች። ወጣቷ ጅዳ ሰው ቤት የምትሠራ ናት፤ ለእረፍት መጥታ ልትመለስ ነው።

«ሰፈሩ የት ነው፣ እናቴ?» አለቻት ወጣቷ።

እናቴ ወደ እኔ ዞረች። «ንገሪያት እንጂ።»

«መስጊድ አጠገብ» አልኩ።

ልጅቷ ሳቀች። «ወላሂ እህቴ፣ ጅዳ ውስጥ ከመስጊድ የራቀ ቤት ካገኘሽ እኔም ንገሪኝ።»

ከኋላችን አንድ ሰውዬ «እናት፣ ጣሪያውንስ አዩት፤ በሩ በየት በኩል ነው?» ሲል ሰው ሁሉ ሳቀ። እናቴም አብራ ሳቀች። እኔ በመስኮት ገደሉን አያለሁ።

«አብሽሩ እናቴ» አለች ልጅቷ። «ነገ አንድ ሰዓት ላይ ከኮምቦልቻ መናኸሪያ ወደ አዲስ አበባ እሳፈራለሁ። የሚልኩት ካለ አድራሻውን ጽፈው ያምጡልኝ፤ በእጁ አደርሳለሁ።»

ማታ እናቴ በሶና በርበሬ ለየብቻ ቋጠረች። በነጭ ጨርቅ ጠቅልላ አፉን በመርፌ ሰፋችው። ከዚያ እስክሪብቶ አቀበለችኝ። የወንድሜን ስም ጻፍኩና ቆምኩ።

«ቀሪውን ጠዋት እጽፈዋለሁ» አልኳት።

ጠዋት አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ነገርኳት። ነጠላዋን ለብሳ፣ ጥቅሉን ታቅፋ መደቡ ላይ ተቀምጣ ነበር። ኔትወርክ እንዳልሆነ፣ ስልኩ ከተዘጋ ሰባት ወር እንደሆነው፣ የት እንዳለ የሚያውቅ ሰው እንዳላገኘሁ ነገርኳት። ታለቅሳለች ብዬ ነበር። አላለቀሰችም።

«ታዲያ ያ ቤት የማን ነው?» አለችኝ።

«አላውቅም፣ እማዬ።»

ጥቅሉን ከጉልበቷ አውርዳ አጠገቧ አስቀመጠችው። 

ግድግዳው ላይ ከተሰቀለው የቤተሰብ ፎቶ ሥር የወንድሜ ጉርድ ፎቶግራፍ ተሰክቶ ነበር። አነሣሁት። ከጀርባው ሙሉ ስሙን፣ ከስሙ በታች የእኔን ስልክ ቁጥር ጻፍኩ። ከዚያ ብቻዬን ወደ መናኸሪያ ሄጄ፣ ልጅቷን አውቶቡሱ በር ላይ ደረስኩባትና «ያየው ሰው ካለ ጠይቂልኝ» ብዬ ሰጠኋት።